ከአሞሌ እስከ ጠገራ፦ ገንዘባችን በተጓዘበት የወልድያ መንገድ

ከቦርሳዎ አንድ ኖት ያውጡና ለልጅዎ ያሳዩት። «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት ሳያስብ «ብር» ይልዎታል። «ወረቀት ሆኖ ሳለ ለምን ብር ተባለ?» ብለው ይቀጥሉ። እዚህ ላይ ልጁ ብቻ ሳይሆን ብዙዎቻችን ወላጆችም ዝም እንላለን። ብር ማዕድን ነው። አንጥረኛ ቀለበት፣ መስቀልና ድሪ የሚሠራበት ነጭ ማዕድን ነው። ታክሲ ስንከፍል፣ አስቤዛ ስንገዛ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ስናስገባ ቀኑን ሙሉ የምንጠራው የዚህን ማዕድን ስም ነው።

የሚገርመው ነገር ይህ ብር የመጣው ከእኛ ተራራ አለመሆኑ ነው። ከአውሮፓ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በበቅሎና በግመል ተጭኖ፣ በየኬላው ቀረጥ ተከፍሎበት ነው ገበያችን የደረሰው። ከእሱ በፊትም ከእሱ ጋርም ሌላ ነጭ ገንዘብ ነበረን፤ እሱ ደግሞ ከአፋር ምድር የሚቆረጥ ጨው ነው። ይህን ታሪክ ለቤተሰብዎ በመንገድ ላይ ማሳየት ከፈለጉ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አስፋልት ይያዙ። የሁለቱም ነጭ ገንዘብ ታሪክ እዚያ ይገናኛል።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ወልድያ ወደ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፈው ደሴ ሲደርሱ አብዛኛው መንገድ አልቋል። ከቤተሰብ ጋር ከሆኑ ደሴ አድረው በማግሥቱ ማለዳ ቢነሡ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የቀረው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተቻኩለው የሚያልፉት አይደለም።

መጀመሪያ ሐይቅ ነው፤ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ውኃ በስተ ቀኝዎ ይታያል። ቀጥሎ የአምባሰል ተራሮች ይመጣሉ፤ በሥራቸው ውጫሌ አለች። ከውጫሌ ቁልቁል ወርደው ውርጌሳን ሲያልፉ አየሩ ይለወጣል። ልጆቹ ሹራባቸውን ማውለቅ ይጀምራሉ። ሀብሩ ወረዳ ገብተዋል ማለት ነው።

የሀብሩ ዋና ከተማ መርሳ ናት። ማንጎና ፓፓያ በመንገድ ዳር ተደርድሮ ሲያዩ ደርሰዋል። ወረዳው በምዕራብ ወደ ደጋው ተራራ ይወጣል፤ በምሥራቅ ደግሞ ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል። አንድ መርሳ ቆሞ የሚያይ ሰው ደጋውንና ቆላውን በአንድ ጊዜ ያያል። የደጋ እህል ከቆላ ከብት፣ የቆላ ጨው ከደጋ ማር ጋር የሚለዋወጠው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ከመርሳ ተነሥተው ስሙን በማሽላና በጤፍ ምርምር ማዕከሉ የሚያውቁትን ሲሪንቃን ሲያልፉ ወልድያ ከፊት ለፊትዎ ትመጣለች። ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ይህ አገር የጁ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ፣ በዘመነ መሳፍንት፣ ከዚህ የወጡ ራሶች በጎንደር ነገሥታት ስም አገሪቱን ያስተዳድሩ ነበር። የመጨረሻው ታላቅ ራስ፣ ዳግማዊ ራስ አሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1849 ከእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውለዋል። የጁዎች የንግድ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር።

የሚላሰው ገንዘብ

በወልድያ ወይም በመርሳ ገበያ ጨው የሚሸጡትን ፈልገው ልጅዎን አጠገባቸው ያቁሙት። ዛሬ በብዛት የሚያገኙት በላስቲክ የታሸገ አዮዲን ያለው ጨው ነው። ያ ግን የታሪኩ ልጅ እንጂ አባቱ አይደለም። አባቱ አሞሌ ይባላል።

አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ካለ የጨው ሜዳ፣ በመጥረቢያና በዘንግ ተፈንቅሎ የሚወጣ ነው። ሠራተኞች የተፈነቀለውን ንጣፍ በእጅ ጠርበው የመሳያ ድንጋይ የሚመስል ረዘም ያለ ቁራጭ ያደርጉታል። ግመልና በቅሎ ተጭኖ ወደ እንደርታ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ላስታ፣ ወደ የጁ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም ይቀጥላል። ከሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። በአፋር ከእግር ሥር የሚነሣው ጨው ደቡብ ምዕራብ ሲደርስ በእጅጉ የተከበረ ገንዘብ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ አካባቢ፣ በዚያን ጊዜ አንጎት በሚባለው አገር፣ አልፏል። ጨው በመላው ግዛት እንደ ገንዘብ እንደሚሠራና ጨው የያዘ መንገደኛ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደሚያገኝ ጽፏል። እስቲ ለልጅዎ እንዲህ ብለው ያስረዱት፦ ገንዘብህ ዝናብ ሲመታው ይሟሟል፤ ሲርብህ ወጥ ውስጥ ትጨምረዋለህ፤ ወዳጅህን ስታገኝ አውጥተህ ታልሰዋለህ። በገበያ ሥራ ውስጥ ላለ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ የሚያስቀና ምርት ነው። ማንም ሰው «ይህ ነገር ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ አይጠይቅም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው ተረታችንም ያለ ምክንያት አልተተረተም፤ የማይጣፍጥ ጨው ድንጋይ ነው ተብሎ ይጣላልና።

ንጉሡ ተራራውን ሳይሆን መንገዱን ያዘ

በአውሮፓ ታሪክ ነገሥታት ማዕድንን የሚቆጣጠሩት ከምንጩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1516 ገደማ በቦሄሚያ፣ የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ዮአኪምስታል በሚባል ሸለቆ ብዙ ብር ተገኘ። የአካባቢው መኳንንት ከብሩ ትልልቅ ሳንቲም ማተም ጀመሩ። «ታል» በጀርመንኛ ሸለቆ ማለት ነው፤ ሳንቲሙም ከሸለቆው ስም «ታለር» ተባለ። ዛሬ ዶላር የምንለው ቃል የዚሁ የልጅ ልጅ ነው። ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1528 ንጉሥ ፈርዲናንድ የማተሙን መብት ከመኳንንቱ ወስዶ ለራሱ አደረገው። በስፔን ግዛት በፖቶሲ እ.ኤ.አ. በ1545 የብር ተራራ ሲገኝ ደግሞ ከሚወጣው ብር አንድ አምስተኛው የንጉሡ ድርሻ ነበር። ብሩን ለማንጠር የሚያስፈልገውን ሜርኩሪም ዘውዱ በእጁ አድርጎ ነበር። ሜርኩሪውን የያዘ ስንት ብር እንደሚወጣ ያውቃልና።

የእኛ ነገሥታት መንገድ ሌላ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ እንደጻፈው፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ አማካይነት ሰዎቹን ወደ ወርቅ አገር ይልክ ነበር። ይዘው የሚሄዱት ከብት፣ ጨውና ብረት ነው፤ የሚመለሱት ወርቅ ይዘው ነው። ንጉሡ የወርቁን ጉድጓድ አልያዘም፤ ወርቁ የሚመጣበትን ንግድ ግን ያዘ። ሳንቲም ማተምም የእሱ ሥራ ነበር። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ አክሱም በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የራሷን ገንዘብ አትማለች። በብር ሳንቲሞቹ ላይ በወርቅ የተለበጠ ጌጥ የሚታይባቸው አሉ።

ከአክሱም ሳንቲሞች ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን ተራው የመዳብ ሳንቲም ነው። በአንዳንዶቹ ላይ በግሪክኛ የተቀረጸው ቃል ትርጉም «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ነው። ንጉሡ ሳንቲሙን ካተመ በኋላ ሕዝቡ እንዲወደው ይመኛል። ይህን ምኞት ያስታውሱት፤ ከሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ ሌላ ንጉሠ ነገሥት ይፈተንበታል።

አሞሌም በዚሁ ሕግ ነው የኖረው። የጨው ነጋዴዎችን ጉዞ የሚመራና የሚጠብቅ፣ ቀረጥም የሚሰበስብ ሹም በእንደርታ ነበር፤ ማዕረጉ ባልገዳ ይባላል። ከዚያ በኋላ በየወንዙ ማቋረጫና በየተራራው በር ኬላ ይጠብቃል። ነጋዴው ኬላ ሲደርስ ከጭነቱ ላይ ከፍሎ ያልፋል፤ በሚቀጥለው ኬላ እንደገና ይከፍላል። በትልልቅ ገበያዎች ላይ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ነጋድራስ ነው። በኢኮኖሚ ጽሑፎቹ የምናውቀው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ይህ ማዕረግ ነበረው፤ የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበር። እና ከአምባሰል ወደ ሀብሩ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ሲነዱ መኪናውን ዳር አቁመው ይህን ለልጆችዎ ያሳዩ። እንዲህ ያለ መውረጃ ላይ የቆመ ሰው ማንም ሳይከፍለው አያልፍም። ማዕድኑን ሳይቆፍሩ ከማዕድኑ መጠቀም የሚቻለው እንዲህ ነው።

ባለ ብዙ ጌጧ እመቤት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቀይ ባሕር በኩል ትልቅ የብር ሳንቲም መግባት ጀመረ። ፊቱ ላይ ደረቷ የሞላ፣ ራሷን የሸፈነች፣ በትከሻዋ ላይ ጌጥ ያደረገች ሴት አለች። ማርያ ቴሬዛ ትባላለች፤ የኦስትሪያ ገዥ፣ የሃንጋሪና የቦሄሚያ ንግሥት ነበረች። አዎን፣ የታለር ስም የተወለደበት ሸለቆ ንግሥት ናት። እኛ ሳንቲሙን ጠገራ ብር አልነው፤ ማርትሬዛ የሚሉትም አሉ።

ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ሳንቲሟ ግን አልሞተም። ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር፣ ሁልጊዜ 1780 ተብሎ፣ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ጭምር ሲታተም ኖሯል። ለምን? ገዢው ለውጥ ስላልፈለገ ነው። የእኛ ነጋዴ ሳንቲሙን ሲቀበል በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥራል፤ ከጎደሉ አይቀበልም። አንድ ድርጅት ማሸጊያውን ትንሽ ቢለውጥ ደንበኛ እንደሚሸሽ በሥራዬ አይቻለሁ። የቪየና አታሚዎች ይህን ከእኛ በፊት ተረድተውት ነበር። አገር የማያውቃትን የሞተች ንግሥት ፊት ይዘው የቀጠሉት የወሎ፣ የጎንደርና የየመን ነጋዴ ስለፈለጋት ነው።

ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ የተነሣ መለኪያም ሆነ፤ ወርቅ የሚለካበት ወቄት የአንድ ጠገራ ክብደት ነው። ችግሩ ትልቅነቱ ነበር። ጠገራ ይዞ ሽንኩርት መግዛት አይቻልም። ስለዚህ አሞሌ አልተባረረም፤ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ከጎኑ ቆመ። ጥይትም በአንዳንድ ቦታ እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር። በአንድ ገበያ የአውሮፓ ብርና የአፋር ጨው ጎን ለጎን ይመነዘሩ ነበር ማለት ነው።

ውጫሌ ስለ ሳንቲምም ነበር

አሁን ወደ ኋላ፣ ወደ ውጫሌ እንመለስ። የውጫሌን ውል ልጆችዎ በትምህርት ቤት ተምረውታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በይስማ ንጉሥ በዳግማዊ ምኒልክና በጣልያኑ አንቶኔሊ መካከል ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመገናኘት በጣልያን መጠቀም «ይችላሉ» ሲል፣ በጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ከዚያ አድዋ መጣ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ብዙ የማይወራው ግን ተከታዩ ስምምነት ነው። በመስከረም 1882 ዓ.ም. ደጃዝማች መኰንን ጣልያን ሄደው አንድ ተጨማሪ ውል ፈረሙ። በእሱ መሠረት ለምኒልክ አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር ይሰጣል፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው። በተጨማሪም ንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸውን ገንዘብ ማሳተም ይችላሉ፤ የሚታተመው ግን በጣልያን ንጉሥ ማተሚያ ነው። ይህ ከአንቀጽ 17 ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። በአንቀጽ 17 አፍህ በእኔ በኩል ይናገር ተባለ፤ በተጨማሪው ውል ደግሞ ገንዘብህ በእኔ እጅ ይታተም ተባለ።

እቴጌ ጣይቱ፣ የየጁው ራስ ጉግሣ ዘር፣ ውሉን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ነበሩ። ምኒልክ ብድሩን ከፍለው በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። በዚያው ዓመት አዲስ የኢትዮጵያ ገንዘብ እንደሚወጣ አወጁ፤ የታተመውም ሮም ሳይሆን ፓሪስ ነው። በ1887 ዓ.ም. የወጣው ብር በአንድ በኩል የምኒልክ ፊት፣ በሌላው በኩል የይሁዳ አንበሳ አለበት። ክብደቱም የብሩ ጥራትም ከጠገራ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጓል። ከእሱ በታች አላድ፣ ሩብና ከዚያም የሚያንሱ ዝርዝሮች ተከተሉ። አሞሌን የሚተካ ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ።

ውጫሌ ሲደርሱ ይህን ለቤተሰብዎ ይንገሩ። ከዚህ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ኖት ላይ አማርኛ ሲያዩ ነገሩ ቀላል እንዳልነበር ልጅዎ ያስታውሳል።

ንጉሥ ያውጃል፣ ገበያ ይወስናል

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ገበያው ምኒልክን ወዲያው አልታዘዘም። ክብደቱ ያው፣ ጥራቱ ያው፣ ፊቱ የራሳችን ንጉሥ ሆኖ ሳለ ባላገሩ ጠገራውን መረጠ። ለሁለት ትውልድ ያወቃትን እመቤት በአንድ አዋጅ አልተዋትም። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም ጠገራ በገበያ ላይ ነበር። የኢትዮጵያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. ሲተካውም ነበር። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርር ሊሬን አወጀ፤ እሱም አልሆነለትም። ወረራውን ሲያዘጋጅ የማርያ ቴሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ጠገራ ያሳተመው ባላገሩ ሌላ እንደማይቀበል ስላወቀ ነው።

ጠገራ ሕጋዊ ገንዘብነቱን ያጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ነው። ያኔም መንግሥት ከገበያው አንድ ነገር ተምሮ ነበር። ወረቀት ብቻ ይዞ አልመጣም፤ አምሳ ሳንቲሙን፣ ሽልንግ የምንለውን፣ ከእውነተኛ ብር አሠራው። ብረቱን በጥርሱ የሚፈትን ሕዝብ ወረቀቱን እንዲያምን መጀመሪያ ብር ማየት ነበረበት። ወረቀቱም ስሙን ከማዕድኑ ወረሰ። በእንግሊዝኛ «ዶላር» ይባል የነበረው እንኳ በ1969 ዓ.ም. በይፋ «ብር» ሆነ።

አክሱማዊው ንጉሥ በመዳብ ሳንቲሙ ላይ «አገሩን ደስ ያሰኝ» ያለው ለዚህ ይመስለኛል። ፊት መቅረጽ የንጉሡ ሥልጣን ነው። መቀበል ግን በወልድያ ገበያ ላይ ቅቤ ይዛ የተቀመጠችው ሴት ሥልጣን ነው። በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ነገር እምነት ይባላል፤ እሱ ደግሞ ከየትኛውም ተራራ አይቆፈርም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው

አሁን ወደ ቤታችን የሚመጣውን ጉዳይ እናንሣ። ጠገራ ከገበያ ሲወጣ የት ገባ? ብዙው ወደ አንጥረኛ ቤት ነው የሄደው። ቀልጦ የአንገት መስቀል፣ የክታብ መያዣ፣ ድሪ፣ አልቦ፣ ጉትቻ ሆነ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ አንጥረኛ ያሠራል፤ ከአንድ ዓይነት ጠገራ። የቀረው ሳይቀልጥ በአያቶቻችን ሳጥን ሥር፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ተቀመጠ። ለክፉ ቀን።

ያ ክፉ ቀን በቅርቡ መጥቷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ሲያዳርስ ብዙ ቤት ተዘርፏል፤ ብዙ ሳጥን ተሰብሯል። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ኑሮ እየወሰደው ነው። የብር ዋጋ ሲወደድ የአያት ድሪ በግራም ተመዝኖ ይሸጣል።

ወልድያ ላይ ከአንድ የጌጣ ጌጥ ነጋዴ ጋር ስለዚህ ተጫውተናል። በዕድሜ የገፉ፣ ትሑት ሰው ናቸው። ሚዛናቸውን እየጠረጉ «ልጄ፣ እኛ የምንገዛው ክብደቱን ነው። የማን እንደነበር ብትነግሪኝም ሚዛኑ አይጨምርም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ታሪኩን ነግሮዎት የሚሸጥ ሰው አለ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ያውቀዋል ብለሽ ነው?» አሉ።

ይህ መልስ ነው ከጉዞው ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ። የተቸገረ ሰው ብሩን መሸጡ አያሳፍርም፤ የተቀመጠውም ለዚያ ነው። የሚያሳዝነው የማን እንደነበር፣ በምን ሠርግ እንደተሰጠ፣ በስንት በሬ እንደተገዛ ሳይታወቅ ሲቀልጥ ነው። ከቪየና ተነሥቶ ምጽዋን፣ ስንት ኬላንና ስንት ነጋድራስን አልፎ የመጣ ነገር የመጨረሻው ኬላ የእኛ ዝምታ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። እናትዎ ወይም አያትዎ በሕይወት ካሉ፣ በዚህ ወር አንድ እሑድ ሳጥኑን አብረው ይክፈቱ። ልጆቹም ይቀመጡ። ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ ያውጡ፤ ፎቶ ያንሡ፤ «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በስልክዎ ይቅዱ። ጠገራ ካለ ይመዝኑት፤ ልጁ 28 ግራም መሆኑን ራሱ ይድረስበት። 1780 የሚለውን ቁጥር ይፈልግ። የምኒልክ ብር ካለ ጎን ለጎን ያስቀምጡትና «አንተ ነጋዴ ብትሆን የትኛውን ትቀበላለህ?» ብለው ይጠይቁት። ከዚያ በኋላ መሸጥ ግድ ቢሆን እንኳ የሚሸጡት ብሩን ብቻ ነው።

ዛሬም ኬላ አለ

ማዕድንን የመቆጣጠር ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይምሰልዎ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ወርቅም ሆነ የከበረ ድንጋይ ለመነገድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለወልድያ ሩቅ ባልሆነው በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ኦፓል ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። ገበሬው ከገደል ሥር ቆፍሮ የሚያወጣው ይህ ድንጋይም የድሮውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ ከቆፋሪው፣ ከነጋዴውና ከመንግሥት ማን ምን ያህል ይጠቀም? ባልገዳና ነጋድራስ ቢቀሩም ጥያቄያቸው አልቀረም።

ለጉዞ የሚነሡ ከሆነ ጥቂት ነገሮች ልጨምር።

ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ወይም ከትራንስፖርት ድርጅት ያረጋግጡ። ማለዳ ይነሡ፤ በሌሊት አይንዱ።

ቀላል ልብስና ብዙ ውኃ ይያዙ። ደሴ ብርድ ነው፤ መርሳ ሙቀት ነው፤ በአንድ ቀን ሁለቱንም ያገኟቸዋል። መርሳ ላይ ፍራፍሬ ሳይገዙ አይለፉ።

ውጫሌ ላይ መንገድ ዳር ብቻ አይቁሙ፤ የአካባቢውን ሰው ጠይቀው ይስማ ንጉሥ ይድረሱ። ጊዜ ካለዎት ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወርደው ሰኞ የሚቆመውን የባቲን ገበያ ይመልከቱ። የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ነጋዴ በአንድ ሜዳ የሚገናኝበት ነው፤ የድሮው የጨው ገበያ ምን እንደሚመስል ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ አላየሁም።

ኦፓል ወይም የብር ጌጥ ከገዙ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ይግዙ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። ጥንታዊ ሳንቲምና ጌጥ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ውጭ ላለ ዘመድ ስጦታ ሊልኩ ካሰቡ ይህን ያስታውሱ።

በዚህ ዓመት ወልድያ መሄድ የማይችሉ ከሆነም አይከፋዎት። አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም የአክሱም ዘመን ቅርሶችን ይዘው ልጆችዎን ማስጀመር ይችላሉ። ወይም ዛሬ ማታ እራት ሲቀርብ የጨው ዕቃውን ከአንድ ኖት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና «ከሁለቱ መጀመሪያ ገንዘብ የነበረው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጨዋታው ከዚያ በራሱ ይቀጥላል።